ለእግረኛው የበራችው መብራት

እንግዲህ ጆሯችሁን አውሱኝ። ነገሩ የሚጀምረው ነሐሴ 12 ቀን 1888 ዓ.ም ነው። የአድዋ ድል ገና ስድስት ወር አልሞላውም። ለንደን ውስጥ ክሪስታል ፓላስ በሚባለው ሥፍራ ብሪጅት ድሪስኮል የምትባል እናት ከልጇ ጋር ስትሄድ፣ ለሕዝብ ማሳያ ወዲያ ወዲህ ትነዳ የነበረች የቤንዚን መኪና ገጨቻት። ሞተች። መኪናዋ ስትከንፍ አልነበረም፤ ፍጥነቷ ሰው ሮጦ የሚደርስበት ነበር። ብሪጅት ግን በብሪታንያ ምድር በቤንዚን መኪና ተገጭታ የሞተች የመጀመሪያዋ እግረኛ ተብላ ተመዘገበች።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? መቶ ዓመት ያህል መኪና ሠሪዎች ሲጨነቁ የኖሩት በአብዛኛው ውስጥ ለተቀመጠው ነው። ቀበቶው ለእሱ፣ ኤርባጉ ለእሱ። መንገድ ለሚሻገረው ተራው የደረሰው በጣም ዘግይቶ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ዩሮ ኤንካፕ የሚባለው የአውሮፓ መርማሪ ድርጅት መኪና እያጋጨ ደረጃ መስጠት ሲጀምር፣ ለእግረኛውም ፈተና አወጣ። በ2005 ደግሞ የአውሮፓ ሕብረት ሕግ ተከተለ። ያኔ ነው መሐንዲሶቹ ወደ ኮፈኑ የዞሩት።

ለምን ወደ ኮፈኑ? ስሙኝ። መኪና እግረኛን ሲመታ መጀመሪያ ባምፐሩ እግሩን ይጠልፈዋል። ሰውየው ወደ መኪናዋ ይዘነበላል፤ ጭንቅላቱ ኮፈኑ ላይ ያርፋል። ላሜራው ራሱ ስስ ነው፤ ቢጎደጉድ ምቱን ይቀበላል። ገዳዩ ከላሜራው ሥር ያለው ሞተር ነው። ያ ጠንካራ ብረት ለላሜራው በጣም ከቀረበ፣ መጎድጎጃ ቦታ ስለሌለ ጭንቅላት ከብረት ጋር ይጋጫል። መፍትሔው እንግዲህ በመካከላቸው ቦታ መፍጠር ነበር። ባምፐሩ ውስጥ ሴንሰር ተቀበረ፤ የእግር ምት ሲሰማው ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ኮምፒውተሩ ኮፈኑ ማጠፊያ አጠገብ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ባሩዶች ያፈነዳል፤ የኮፈኑ የኋላ ጠርዝ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብድግ ይላል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን ተርገብግቦ ሳይገለጥ ነው። ሆንዳ ሌጀንድ፣ ሲትሮየን ሲ6 እና ጃጓር ኤክስኬ ቀደም ብለው ይህን ካመጡት መካከል ናቸው። ሲትሮየን ሲ6 በእግረኛ ጥበቃ ከዩሮ ኤንካፕ አራት ኮከብ ያገኘ የመጀመሪያው መኪና ሆነ። ቮልቮ ደግሞ በ2012 በቪ40 ላይ ከኮፈኑ ሥር ወጥቶ የፊት መስታወቱን ግርጌ የሚሸፍን የእግረኛ ኤርባግ አከለበት። እኔ ከመኪና ሥራ ሁሉ ይህን የሚያህል ደግነት አላየሁም፤ መኪናዋን ላልገዛ፣ ባለቤቷንም ለማያውቅ ሰው የተሠራ ነውና።

አሁን ወደ አንድ ወዳጄ እንሂድ። ለንደን ውስጥ መንገደኛ እያመላለሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ያገራችን ልጅ ነው። ጊዜው ክረምት ነው፤ አስፋልቱ ላይ በረዶ እንዳይጋገር ጨው የሚበተንበት ወር። መኪና ማቆሚያ ውስጥ የፊት ባምፐሩን ግድግዳ ጫረውና ቀለም ቤት አስገባው፤ አስውበው መለሱለት። ጥቂት ቆይቶ ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ብርቱካናማ መብራት በራ። የእግረኛ መከላከያውን አስመርምር ይላል ጽሑፉ። መኪናዋ ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ፍሬን ትይዛለች። አንዱ የሥራ ባልደረባው፣ «በኮምፒውተር አጥፋውና ተገላገል» አለው። እኔ፣ «አይሆንም» ብዬ ከባቡር ሐዲድ ቅስት ሥር ጋራዥ ወዳላቸው ወደ ጋሼ ወሰድኩት። ጋሼ ሙያውን የተማሩት አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት ሠፈር ነው።

«ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ ደህና ናት። ይቺ መብራት ብቻ ናት ያስቸገረችኝ» አለ ወዳጄ።

«ልጄ፣ ይቺ መብራት ስላንተ አይደለም የምትናገረው» አሉት። ሌላ አልጨመሩም፤ ኮፈኑን ከፈቱ።

መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ። አትናቁት፤ ክረምት ላይ አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና ባትሪዋ ይደክማል፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ደግሞ የኮምፒውተሮቿ ሁሉ ስሞታ ይመጣል። 12.5 ቮልት አሳየ፤ ደህና ነው። ወዳጄ ከኪሱ ርካሽ የኮድ ማንበቢያ አወጣ፤ ምንም ጥፋት አልተገኘም አለ። ጋሼ መልሰው ሰጡት። እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚያነበው የሞተሩን ወገን ብቻ ነው፤ የእግረኛው መከላከያ ከኤርባግ ጋር በደህንነት ወገን የሚኖር የራሱ ኮምፒውተር አለው። የራሳቸውን ትልቁን ሰኩ፤ ሁለት ኮድ ወጣ። አንደኛው ቮልቴጅ ወርዶ እንደነበር የሚናገር የቆየ መዝገብ ነው። ሁለተኛው የባምፐሩ የግራ ሴንሰር አይሰማኝም ይላል። ሁለቱንም ሰረዙና ቁልፉን አዞሩ። የቆየው ጠፍቶ ቀረ፤ የሴንሰሩ ወዲያው ተመለሰ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ ጋሼ፤ ባምፐሩ ሊወርድ ነው።

ከዚህ ላይ በተለይ እጁ ሥራ ለሚወድ ሰው አንድ ነገር ልናገር። ወዳጄ ቴስተሩን አንስቶ ማጠፊያው አጠገብ ወዳለችው የባሩድ ሶኬት ሲዘረጋ ጋሼ እጁን ያዙት። በቴስተር የመቋቋም ልክ እለካለሁ ያለ ሰው የሚልከው ትንሽ ኤሌክትሪክ ባሩዱን ሊያቀጣጥለው ይችላል፤ ኮፈኑ ላይ ያጎነበሰ ሰው ደግሞ ፊቱ እዚያው ነው። ስለዚህ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ተነቀለ፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እንዲፈስ ተጠበቀ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሥራ ተጀመረ።

ባምፐሩ ሲወርድ ምክንያቱ አፍጥጦ ታየ። ቀለም ቤቱ ሴንሰሩን ሲፈታ የሶኬቷን መቆለፊያ ጥርስ ሰብሯታል፤ ሲመልስ በፕላስተር ጠቅልሎ አስሯታል። ፕላስተሩ ተላቋል። የመንገዱ ጨው የቀላቀለ ውሃ ገብቶ የመዳብ እግሮቿን አረንጓዴ አድርጓቸዋል። ጋሼ አሮጌዋን ሶኬት ቆርጠው ጣሉ፤ አዲስ ሶኬት ገጠሙ፤ ሽቦዎቹን አጠንክረው አያያዙና ውሃ እንዳይገባ በሙቀት በሚሸበሸብ ላስቲክ አለበሷቸው። ባትሪው ታሰረ፣ ቁልፉ ዞረ። መብራቱ ራሱን ሲፈትሽ ለአፍታ በራ፤ ከዚያ ጠፋ።

ወዳጄ ቦርሳውን አወጣ። ዋናው ክርክር የተጀመረው ያኔ ነው።

ጋሼ ከፊታቸው የተጋደመውን ባምፐር ከጀርባው በጣታቸው እየመቱ ያዳምጡ ነበር። የግራ ሴንሰር በሚያርፍበት በኩል ድምፁ ይደፍናል። ቀለም ቤቱ የተሰነጠቀውን ፕላስቲክ ከኋላ በፋይበር፣ ከፊት በስቱኮ አወፍሮ ጠግኖታል። ከፊት ሲታይ እንከን የለውም።

«ይሄ መቀየር አለበት» አሉ።

«ጋሼ፣ መብራቱ እኮ ጠፍቷል።»

«መብራቱ የሚያውቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ከተገናኘ ሰላም ነው ይልሃል። ፕላስቲኩ ምን ያህል እንደወፈረ ማን ይንገረው?»

ይህን አስተውሉ፤ እኔም ያን ቀን ነው የገባኝ። ሴንሰሩ ምቱን የሚሰማው በባምፐሩ በኩል ነው። መሐንዲሶቹ ያ ባምፐር በእግር ሲመታ፣ በኳስ ሲመታ፣ በመንገድ ምልክት ሲመታ እንዴት እንደሚታጠፍ ለክተው ነው ለኮምፒውተሩ ያስተማሩት። ፕላስቲኩ ሲወፍርና ሲጠነክር መልእክቱ ይለወጣል። የባሩዱ መፈንዳት ሊዘገይ ይችላል፤ ጭራሹንም ላይፈነዳ ይችላል። ለዚህም ነው በሴንሰር አካባቢ መጠገን የሚከለከለው። መብራቱ ግን በዚህ ሁሉ ዝም ይላል። መብራት ማጥፋትና መከላከያውን ማዳን ሁለት ሥራ ናቸው፤ ብዙ ጋራዥ የሚያስከፍለው ለአንደኛው ብቻ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ወዳጄ ዝም አለ። የቤት ኪራይ አለ፣ የመኪናዋ ዕዳ አለ። «በፍጥነት እንኳ አልነዳም፤ ከተማ ውስጥ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«መቼስ ይሄ የተሠራው ለከተማ ነው» አሉት ጋሼ። እውነታቸውን ነው። ልኩ እንደ መኪናው ቢለያይም፣ ኮፈኑ የሚነሳው በሰዓት ከ25 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት ነው። ለንደን ውስጥ በብዙ መንገድ የተፈቀደው 20 ማይል ደግሞ 32 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከልኩ መሐል። «እኔ ያደግሁት መንገዱ በእግረኛ በሚሞላበት አገር ነው» ብለው ቀጠሉ። «አዲስ አበባ ላይ በመኪና ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። ያገሬን ሰው የምጠብቅበት ይህ መሣሪያ በእጄ አልነበረም። እዚህ አለ። ሠርቼ ጨረስኩ ብዬ አልሸኝህም።»

ክርክሩ እዚህ ላይ አበቃ። ጋሼ ወደ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ደውለው ከዚያው ሞዴልና ከዚያው ዓመት የወጣ፣ ያልተሰነጠቀና ያልተጠገነ ባምፐር አገኙ፤ ወዳጄ በሁለት ጊዜ ሊከፍል ተስማማ። ቀለሙ በስሱ ተነፋ፤ ሴንሰሮቹ ፋብሪካው በለካላቸው ቦታ ታሰሩ፤ እያንዳንዷ ሶኬት ተቆልፋ «ጠቅ» ስትል ጋሼ በጆሯቸው አረጋገጡ። ኮዱ እንደገና ተነበበ፤ ምንም የለም። መንገድ ላይ ነድተው መልሰው አነበቡ፤ አሁንም የለም።

ወዳጄ ቁልፉን ከተቀበለ በኋላ አልሄደም። ስልኩን አንስቶ ወደዚያው ቀለም ቤት ደወለ። ይጣላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተጣላም። የመኪናዋን ሞዴል ነገራቸው፤ ሴንሰሩ ከባምፐሩ ጀርባ በየት በኩል እንዳለ፣ ሶኬቱ እንዴት ሳይሰበር እንደሚፈታ፣ በዚያ በኩል ስቱኮ እንደማይገባ ጋሼ እንዳስረዱት አድርጎ አስረዳቸው፤ ሲጨርስም እንዲጽፉት ጠየቃቸው።