እሳት ያልነካው ግድግዳ

ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ የሚገኘውና ስሙን ከሩዋንዳ ኤምባሲ የወረሰው ሰፈር ዛሬ መስተዋት በለበሱ ፎቆች፣ በሆቴሎችና በቡና ቤቶች የተሞላ ስለ ሆነ፣ ከሰባ ዓመት በፊት ይህ ሥፍራ ክረምት ሲገባ ጥቁር አፈሩ እግር የሚይዝ፣ በጋ ሲሆንም መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጠቅ የእርሻ ሜዳ እንደ ነበረ የሚገምት ወጣት ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በፎቆቹ መካከል በሚያልፉት ቅያሶች በእግሩ የሚመላለስ ሰው፣ ቆርቆሮ የደፋች፣ ልስኗ ከግርጌዋ የተላጠ፣ በተላጠችበትም በኩል ማገሯና ጭዷ የሚታይ አንዲት የጭቃ ቤት ማየቱ አይቀርም። አላፊ አግዳሚው የድህነት ምልክት አድርጎ የሚቈጥራት ይህች ቤት እንዴት እንደ ተሠራች፣ ከማን እንደ ተወረሰች፣ ስለ ምንም እንዲህ እንደ ጐሰቈለች ማሰብ ተገቢ ይመስለኛል፤ ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ነገር የዚያች ቤት ግድግዳ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተዋቀረ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የጭቃ ግድግዳ ከእነዚህ ከአራቱ ሦስቱን ብቻ ይሻል፤ መሬት ሥጋው ይሆነዋል፣ ውሃ ያዋሕደዋል፣ ነፋስም ያደርቀዋል፤ እሳትን ግን አይጠይቅም። ሲሚንቶ ተብሎ የሚጠራው ዱቄት በአንጻሩ የኖራ ድንጋይና ሸክላማ አፈር ተቀላቅለው በታላቅ ምድጃ ውስጥ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ግለት ካልተጋገሩ በቀር አይገኝም፤ ከምድጃው ነበልባልና ከድንጋዩ ከራሱ በሚወጣው ጋዝ ምክንያትም የሰው ልጅ በየዓመቱ ወደ ሰማይ ከሚለቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶው ስምንት እጅ ያህሉ የሚመጣው ከዚሁ ሥራ ነው። የአየሩ ጠባይ ተለወጠ፣ የዝናቡ ወራት ተዛባ እያልን በምናዝንበት ዘመን እሳት ያልነካው ግድግዳ እንደ ኋላ ቀርነት መቈጠሩ እኔን እጅግ ያሳዝነኛል።

ያለ እሳት የማነጽ ጥበብ የድኃ ሰው ብቻ ሆኖ የኖረ አይደለም። በስድስተኛው መቶ ዓመት በአቡነ አረጋዊ እንደ ተመሠረተ ትውፊት የሚናገርለት የደብረ ዳሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያን፣ እንዲሁም በዛጔው ንጉሥ በይምርሐነ ክርስቶስ ስም የሚጠራው፣ በላስታ ተራራ ዋሻ ውስጥ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱም ድንጋይና እንጨት በተራ በተራ እየተደራረቡ የታነጹ ናቸው፤ ይህም አክሱማውያን ጠቢባን በቤተ መንግሥታቸው ይሠሩበት የነበረው ሥርዓት ነው። ደብረ ዳሞ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ደሪክ ማቲውስ በተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ መሪነት ሲታደስ፣ የቆየው ሕንፃ እንደገና የቆመው እዚያው ከነበረው ዓይነት ድንጋይና እንጨት ነው፤ በሰው እጅ የተሠራ ነገር በሰው እጅ ይጠገናልና። እሳት ወደ ሕንፃ ሥራ በብዛት የገባው በጐንደር ዘመን ነው፤ ዐፄ ፋሲልና ተከታዮቻቸው ግንቦቻቸውን ያቆሙት በተቃጠለ ኖራ ነበር። ነገር ግን ኖራው ለነገሥታት ግንብ፣ ለድልድይና ለአድባራት ሲሆን፣ የሕዝቡ ቤት ከእንጨትና ከጭቃ መሠራቱን አልተወም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር የመኳንንቱ ቤት ሳይቀር ከሥር ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ፣ ከላይ እንጨት በጭቃ እየተመረገ ይሠራ ነበር። ከተማይቱን ሊያጠፋት የተቃረበው የጭቃ እጦት ሳይሆን የእንጨት እጦት ነው። በዙሪያዋ የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ ባለቀ ጊዜ፣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደ ነበር ይታወቃል። ከአውስትራሊያ ዘሩ የመጣው ባሕር ዛፍ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ቢቈረጥም ከጉቶው እንደገና የሚያቈጠቍጥ ስለ ሆነ፣ ማገዶውንም ቋሚውንም ማገሩንም ለከተማይቱ በመስጠት በስፍራዋ እንድትጸና አደረጋት። ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል፣ መሬት ያራቍታል የሚለው ወቀሳ እውነት ያለበት መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ያለ እርሱ የአዲስ አበባ ሕዝብ በምን ቤት ውስጥ ይኖር እንደ ነበር መልስ የሚሰጥ ሰው አላገኘሁም።

የግድግዳው አሠራር ቀላል ይመስላል እንጂ በዕውቀት የተሞላ ነው። ቤት ሠሪው መሬቱን ደልድሎ፣ በችካልና በገመድ ለክቶ፣ ጕድባ ከቆፈረ በኋላ የባሕር ዛፉን ቋሚ ጥቅጥቅ አድርጎ ይተክላል፤ ምስጥ እንዳይበላውም ግርጌውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል። ከዚያ ማገሩ ከውስጥና ከውጭ በምስማር ይመታል፤ ምስማር ብርቅ በነበረበት ዘመን ደግሞ በልጥ ይታሰር ነበር። ጣራው ግድግዳው ሳይመረግ አስቀድሞ ይከደናል፤ ምርጊቱ ከዝናብም ከጠራራ ፀሐይም ተጠልሎ በዝግታ ይደርቅ ዘንድ ይገባልና።

ቀጥሎ የአፈሩ ምርጫ ይመጣል፤ የባለሙያው ጥበብ የሚፈተነውም በዚህ ነው። በቦሌ ዙሪያ የሚገኘው ጥቁሩ ዋልካ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኰማተር ስለ ሆነ ለግድግዳ አይመረጥም፤ ስለዚህ ቀይ አፈር ከሌላ ስፍራ ይመጣል። የመጣውም አፈር መካከሉ ጐድጐድ ተደርጎ ውሃ ይሞላበታል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ በእግር ይረገጣል፣ ተገላብጦም እንደገና ይረገጣል፤ ከዚያ ሽታው እስኪለወጥና ጭዱ ከአፈሩ ጋር እስኪዋሐድ ድረስ ለቀናት እንዲብላላ ይተዋል። ጭቃውን በየአቅጣጫው ጠርንፎ እንዳይፈረካከስ የሚይዘው ቀጭኑና ለስላሳው የጤፍ ጭድ ነው፤ የአርማታ ሠራተኞች በብረት የሚሹትን ነገር የእኛ ሰዎች ከአውድማ ያገኙት ነበር ማለት ነው።

መራጊው ጭቃውን በእጁ እየጠፈጠፈ ከማገሩ መካከል ይጠቀጥቀዋል፤ ይህ የመጀመሪያው ምርጊት በደረቀ ጊዜ ይሰነጣጠቃል። የማያውቅ ሰው ሥራው ተበላሸ ብሎ ይደነግጥ ይሆናል፤ ባለሙያው ግን ስንጥቁን ይፈልገዋል፤ ሁለተኛው፣ የደቀቀ ጭድ የገባበት ልስን በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ አጥብቆ ይይዛልና። በመጨረሻ ሴቶች እበትና አመድ፣ ወይም ነጭ አፈር በውሃ በጥብጠው ፊቱን ይለቀልቁታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ጎረቤት በደቦ ይሰበሰባል፤ ባለቤቱ ጠላና ንፍሮ ያቀርባል፤ ወጪውም ከሌላ አገር በሚመጣ ገንዘብ የሚለካ አልነበረም። ቋሚው ከእንጦጦ፣ ጭዱ ከየረርና ከቦሌ እርሻ፣ አፈሩ ከአቅራቢያ ሲመጣ አህያ ከሚደርስበት ርቀት ውጭ የሚመጣው ምስማሩና ቆርቆሮው ብቻ ነበር።

እንግዲህ በዚህ የእርሻ ሜዳ ላይ አውሮፕላን ማረፊያው መጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ከጀመረ ጀምሮ በልደታ ሜዳ ሲገለገል ኖሮ፣ ቦይንግ 720 የተባሉትን ጄቶች በ1955 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲያውል የልደታው ሜዳ ለእነርሱ የማይበቃ ስለ ነበረ ቦሌ ተሠራ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት መሪዎችም በዚሁ በኩል ገቡ። የዘመኑ ከፍተኛ ቴክኒክ የደረሰበት ሥፍራና ገበሬው በሞፈርና በቀንበር የሚያርስበት ማሳ ጎን ለጎን ሆኑ። መንደሩም ከማረፊያው ጋር እያደገ ሲሄድ ባለጸጋው በብሎኬትና በድንጋይ ቪላ ሲሠራ፣ ሠራተኛው፣ ዘበኛውና ቀን ሠራተኛው ግን በዚያው በአባቶቹ ጥበብ የጭቃ ቤቱን ሠራ። ሁለቱም ለብዙ ዘመን ተቻችለው ኖረዋል፤ አውሮፕላኑም ግድግዳውን አልናቀውም፣ ግድግዳውም አውሮፕላኑን አላገደውም።

ታዲያ የጭቃ ቤት ክብር የተዋረደው በምን ምክንያት ነው? እኔ እንደማምነው ጭቃው ስለ ደከመ ሳይሆን ጠጋኙ ስለ ጠፋ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ኪራዩ ተቀንሶ ለብዙ ድኃ መጠጊያ እንደ ሆነ መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ነገር ግን የቀበሌ ቤት በተባለው ሥርዓት ውስጥ ተከራዩ ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ አይጠግንም፣ ቀበሌውም ኪራዩ ጥቂት ስለ ሆነ ለመጠገን አይችልም ነበር። የጭቃ ግድግዳ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ እጅ የሚነካው፣ ልስኑ የሚታደስለት፣ ግርጌው ከፍሳሽ የሚጠበቅለት ነገር ነው፤ ይህ ከተደረገለት ልጅም የልጅ ልጅም ይኖርበታል፤ ካልተደረገለት ግን የቆርቆሮው ቀዳዳ ወደ ግድግዳው አናት ውሃ ያወርዳል፣ ቋሚው ይበሰብሳል፣ ቤቱም ይዘማል። ሃምሳ ዓመት ሳይጠገን ቆይቶ የተጐሳቈለውን ቤት አይተን ጭቃ ዋጋ የለውም ብለን ፈረድን። ለብረትና ለመስተዋት ሕንፃ አሳንሰሩ ሲበላሽ ባለሙያ እንጠራለን፤ ለዚህ ግን በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ባልዲ ልስን ነፈግነው።

በዚህ ላይ የሲሚንቶው ዘመን ተጨመረ። በጣልያን ወረራ ጊዜ በድሬዳዋ የተቋቋመው ፋብሪካ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ የሙገሩ ሲጨመር፣ ሲሚንቶ ቀስ በቀስ የሥልጣኔ መለኪያ ሆነ፤ በ1996 ዓ.ም. ገደማ በዚያው በቦሌ ክፍል በገርጂ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሙከራም የአርማታን አምድና የብሎኬትን ግድግዳ ለመላይቱ ከተማ ሥርዓት አደረገው። ለብዙ ሺህ ቤተ ሰብ መጠለያ መስጠቱን አመሰግናለሁ፤ ሕዝብ በበዛበት ከተማ ፎቅ ግድ እንደ ሆነም አምናለሁ። የሚያሳዝነኝ አንድ ፎቅ የሌለው ቤት፣ የግቢ አጥር፣ የጥበቃ ቤት፣ ማድቤት ሳይቀር ሲሚንቶ ካልተለሰነ ቤት አይደለም መባሉ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ቀኗ በፀሐይ የጋለ፣ ሌሊቷ የቀዘቀዘ ነው፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት በዝግታ ተቀብሎ በሌሊት በዝግታ ስለሚመልሰው ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አይሻም። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው የቦሌ መስተዋት ፎቅ ግን ደጋ ላይ ቆሞ ሳለ በኤሌክትሪክ ይቀዘቅዛል።

በሌላው ዓለምም ይህን ነገር ያሰቡ ሊቃውንት አሉ። በየመን ሺባም የተባለችው ከተማ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በፀሐይ በደረቀ የጭቃ ጡብ ብዙ ደርብ ያላቸውን ቤቶች ስታቆም ኖራለች፤ ግብፃዊው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ሐሰን ፈትሒ ደግሞ በእኛ አቈጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ በላይኛው ግብፅ አዲሷን የጉርና መንደር በጭቃ ጡብ ሲሠራ፣ ቀስት ጣራ ያለ እንጨት መደገፊያ መሥራትን የተማረው ከኑብያ ግንበኞች ነበር። በእኛም ከተማ በ1947 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እርዳታ የተመሠረተው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተቋም የሆነው ትምህርት ቤት፣ ከዙሪክ ከመጡ ምሁራን ጋር ተባብሮ በ2003 ዓ.ም. ገደማ በግቢው ውስጥ በተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ፣ ጣራው በቀስት የተያያዘ ባለ ሁለት ደርብ ቤት አቁሟል። ሱዱ ተብሎ የተሰየመው ይህ ቤት አፈር በምሕንድስና ሥርዓት ሲመራ ምን ሊሆን እንደሚችል በቂ ምስክር ነው፤ ከግቢው ወጥቶ ወደ ሰፈሩ አለመድረሱ ግን ያስቈጫል።

ጭቃ ሁሉን ይችላል አልልም። ከወንዝ ዳር ጎርፍ ያፈርሰዋል፤ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፤ የእኛ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳም እንደ ሺባም ጡብ ከሁለትና ከሦስት ደርብ በላይ እንዲሸከም አይጠየቅም። ነገር ግን ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ሰፋ ያለ የጣራ ክፈፍ፣ በየዓመቱም የሚታደስ ልስን ከተሰጠው የሚያሳፍር አይደለም። በሩዋንዳም ሆነ በቦሌ ሚካኤል ሰፈር በየቅያሱ የቀሩት የጭቃ ቤቶች ለፎቅ ቦታ ለመልቀቅ ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ጭቃውን ያቦኩትና የመረጉት ሰዎችም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን፣ የከተማው መሐንዲሶችና የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ከእነዚህ ሰዎች ዘንድ ሄደው የአፈሩን ምርጫ፣ የጭዱን መጠን፣ የሚብላላበትን ቀን፣ የልስኑን ተራ ጠይቀው ይጻፉ፤ የጻፉትንም በቤተ ሙከራ ይፈትኑ፤ ለአንድ ፎቅ ቤትና ለገጠር ትምህርት ቤት የሚሆን የአሠራር ደንብም ከዚያ አውጥተው ለሕዝብ ያድርሱ። ይህን ለማድረግ ያለው ጊዜ መራጊዎቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ ብቻ ነው።