«አድራሻ» እና «ትርጉም»፤ የኢንተርኔት ቁጥሮች እጥረት ያስከተለው የስያሜ ችግር

«አድራሻ» በአማርኛ አንድን ሰው ወይም ቤት ለይቶ ያመለክታል፤ ደብዳቤም ከባለቤቱ እጅ የሚደርሰው በዚሁ ነው። ቃሉ ለኢንተርኔት ሲውል ግን ይህ ጠባዩ አብሮት አልዘለቀም። ምክንያቱን ለመረዳት የነገሩን ታሪክ መመልከት ያሻል። (ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1981 የወጣው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል አራተኛ እትም ለአንድ አድራሻ 32 ቢት መደበ፤ ከዚህ የሚገኘው ድምር 4,294,967,296 ነው። ኔትወርኩ የጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት መገናኛ ሳለ ይህ ቁጥር የማያልቅ መስሎ ነበር። ትልቁን ምድብ ያገኘ ተቋም ብቻውን 16,777,216 አድራሻ ይይዝ ነበር። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ድርሻውን በ2000 መልሷል፤ ፈለጉን የተከተሉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በ1993 አሰጣጡ በልክ እንዲሆን ተደረገ። በ1994 ደግሞ ለእኛ ሙያ ጣጣ ያመጣው ዘዴ ታተመ። አንድ መሥሪያ ቤት በውስጡ የራሱን ቁጥሮች ይጠቀማል፤ መልእክቱ ወደ ውጭ ሲወጣ መሣሪያው የውስጡን ቁጥር በአንድ የጋራ ቁጥር ይተካዋል። ከስልክ ማዞሪያ ጋር ይመሳሰላል፤ የውጭው ሰው የሚያውቀው አንዱን ቁጥር ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ይህን ተግባር የሰየመው የተርጓሚዎችን ሥራ በሚጠራበት ቃል ነው። «የአድራሻ ትርጉም» የሚለው አጠራር የመጣውም ከዚህ ነው። ሆኖም በትርጉም ቃሉ ተለውጦ ፍቺው ይጠበቃል፤ እዚህ የሚጠበቅ ፍቺ የለም፤ ቁጥር በቁጥር ይተካል እንጂ። ስለሆነም «የአድራሻ ልወጣ» ይሻላል ባይ ነኝ። «ቅያሪ» የልብስ ነገር ስለሚያስታውስ ትቼዋለሁ።

በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 የመጨረሻዎቹ አምስት ትልልቅ ምድቦች ለአምስቱ የአህጉር መዝጋቢዎች ታደሉ። የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች አንድም ከሌላ መግዛት፣ አንድም ያላቸውን ማጋራት ግድ ሆነባቸው፤ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ከከሰረው ኖርቴል 666,624 አድራሻዎችን በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። በ1995 የተደነገገው ስድስተኛ እትም 128 ቢት ስላለው እጥረት አያውቅም፤ ነገር ግን ከአራተኛው ጋር በቀጥታ ስለማይነጋገር አሮጌው ወዲያው ሊጣል አልቻለም።

ማጋራቱ ተስፋፋ። በ2012 ለአገልግሎት ሰጪዎች የውስጥ ሥራ 4,194,304 አድራሻዎች ተለዩ። ዛሬ አንድ የውጭ አድራሻ ብዙ ቤተሰቦችን በአንድ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል፤ የሚለያቸው የበር ቁጥር ነው። («ወደብ» ብንለው አንባቢ መርከብ ይጠብቃል።) ዩሮፖል በ2017 ይህ አሠራር ወንጀለኛን ለይቶ ማወቅን እንደሚያሰናክል አሳስቧል። «የተጠርጣሪው አድራሻ» ብሎ የሚተረጉም ሰው እንግዲህ ያንኑ ቁጥር የሚጋራውን ንጹሕ ጎረቤት ሊያስጠይቅ ይችላል።

ሕዝብ የለመደውን «አድራሻ» መሻር አያስፈልግም። ብዙዎች ሲገለገሉበት «የጋራ አድራሻ» ይባል፤ በሕግ ሰነድም «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ የበር ቁጥር፣ በዚህ የጋራ አድራሻ የተገለገለው ደንበኛ» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ።