ንጉሥ ዋስ ሆኑለት የተባለው ተጫዋች

የ1947 የፈረንሳይ ቴኒስ ሻምፒዮና የወንዶች ነጠላ ፍጻሜ በመዝገብ ላይ አንዲት መስመር ናት፦ ዮዤፍ አሽቦት ኤሪክ ስተርጂስን 8 ለ 6፣ 7 ለ 5፣ 6 ለ 4 አሸነፈ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መስመሯን ረጋ ብሎ ላነበባት ግን ብዙ ትናገራለች። ሃንጋሪያዊው ሦስቱንም ዙር የወሰደው በሁለት በሁለት ጨዋታ ልዩነት ነው፤ በዚያ ዘመን ደንብ ከዚህ ባነሰ ልዩነት ዙር አይዘጋም ነበር። ርዝመታቸው ግን ከአሥራ አራት ወደ አሥራ ሁለት፣ ከአሥራ ሁለት ወደ አሥር ጨዋታ ወርዷል። ደቡብ አፍሪካዊው ስተርጂስ የተሸነፈው በአንድ ጊዜ አልነበረም፤ ቀስ በቀስ ተሸረሸረ ማለት ይሻላል።

አሽቦት የተወለደው በሴፕቴምበር 1917 ከኦስትሪያ ድንበር አጠገብ ባለችው ሶምባትሄይ ነው። ሃንጋሪዎች የቤተሰብን ስም ስለሚያስቀድሙ በሀገሩ የሚጠራው አሽቦት ዮዤፍ ተብሎ ነው። የትውልድ ከተማው ስም ስለ ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሲሆን፣ «ሶምባት» የሚለው ቃል ከእኛው «ሰንበት» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ቤተሰቡ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ቤተሰብ ነበር። ይህን ማንሳት የሚያስፈልገው፣ በዚያ ዘመን በታላላቆቹ ውድድሮች የሚሳተፈው አማተር ተጫዋች ብቻ ስለነበርና አሸናፊው ዋንጫ እንጂ የሽልማት ገንዘብ ስለማይወስድ ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ ለባቡር ሠራተኛ ልጅ የተመቸ አልነበረም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ዕድሜው ሃያ ሁለት ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ዊምብልደን ስድስት ዓመት ተዘጋ። የሮላን ጋሮስ ስታዲየም ደግሞ በ1939 መገባደጃ ላይ የውጭ ዜጎች ማጎሪያ ሆነ፤ ወደ ለ ቨርኔ ካምፕ ከመወሰዳቸው በፊት እዚያ ከታጎሩት አንዱ ቡዳፔስት የተወለደው ጸሐፊ አርተር ኮስትለር ነበር። አንዱ ሃንጋሪያዊ በእስረኝነት በሰነበተበት ግቢ ሌላው ሃንጋሪያዊ ከስምንት ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሳበት። የመዝገቡ ሠንጠረዥ እንዲህ ያለውን አይዝም።

ዋንጫውም በነጻ የመጣ አልነበረም። አሽቦት በሩብ ፍጻሜ የገጠመው ፈረንሳዊውን ኢቮን ፔትራን ነው፤ ፔትራ በጀርመኖች እጅ የጦር ምርኮኛ ሆኖ ቆይቶ የ1946ን ዊምብልደን ያሸነፈ ሰው ነበር። በግማሽ ፍጻሜው የጠበቀው አሜሪካዊው ቶም ብራውን ከሳምንታት በፊት የዊምብልደን ፍጻሜ ተጫውቷል። ሁለቱንም አሰናበተ። በእርግጥ ብራውንን በዊምብልደን ያሸነፈው፣ የዓመቱ ምርጥ የነበረው ጃክ ክሬመር ወደ ፓሪስ አልመጣም። ሆኖም ያልመጣን ሰው እያሰቡ የመጣውን ማሳነስ አግባብ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 10 ሃንጋሪ የሽንፈቷን የሰላም ውል የፈረመችው እዚያው ፓሪስ ነው። ጁን ሲገባ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ፌሬንጽ ናጅ ለዕረፍት ስዊዘርላንድ እንዳሉ ሥልጣን እንዲለቁ ተገደዱ፤ ትንሹ ልጃቸው ከሀገር ወጥቶ እጃቸው ሲገባ የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን ሰጡ። ከሃንጋሪ መውጣትና ወደ ሃንጋሪ መመለስ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ የባቡር ሠራተኛው ልጅ ከዚህ ሳይረዳ አልቀረም።

በ1948 ለዊምብልደን እንዴት ተፈቅዶለት እንደወጣ የሚነገር ታሪክ አለ። መንግሥት ይከዳናል ብሎ ሲያመነታ፣ የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አምስተኛ «ይመለሳል» ብለው ዋስ ሆኑለት ይባላል። ተረት ይመስላል፤ ግን ንጉሡን ለሚያውቅ አይገርምም። ጉስታቭ «ሚስተር ጂ» በሚል ስም ውድድር እየገቡ እስከ እርጅናቸው ራኬት ያልጣሉ ሰው ነበሩ፤ ዘጠናኛ ዓመታቸውን የደፈኑትም በዚያው በጁን 1948 ነው። በዚያው ወር ቡዳፔስት ላይ ኮሚኒስቶቹ ሶሻል ዴሞክራቶቹን ውጠው አንድ ፓርቲ አቋቁመዋል። ዋስ የሚያስፈልግበት ወቅት ነበር ማለት ነው።

አሽቦት በሣሩ ሜዳ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ዘለቀ። እዚያ የጠበቀው አውስትራሊያዊው ጆን ብሮምዊች ነው፤ በቀኝ እጁ ሰርቭ አድርጎ በግራው የሚመታ፣ በቀኙ በኩል ለመጣች ኳስ ደግሞ ሁለቱንም እጁን የሚያነሳ እንግዳ ተጫዋች። ውጤቱ 6 ለ 3፣ 14 ለ 12፣ 6 ለ 2 ሆነ። የመሐሉ ዙር ሃያ ስድስት ጨዋታ ፈጀ። እንዲህ የተንዛዛን ዙር የሚያሳጥረው ታይ ብሬክ ገና አልታሰበም፤ ዊምብልደን የደረሰው በ1971 ነው። አሽቦት ያን ዙር ቢያገኝ አንድ አቻ ይሆኑ ነበር። አላገኘም፤ በሦስተኛው የወሰደው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። አቅሙን የጨረሰው በመሐሉ ዙር ላይ እንደሆነ ከቁጥሩ ይነበባል።

ከዚያም ወደ ሃንጋሪ ተመለሰ። በተከታዩ ዓመት የቼኮዝሎቫኪያው ያሮስላቭ ድሮብኒ ስዊዘርላንድ ላይ ለውድድር እንደወጣ ቀረ፤ የግብፅ ፓስፖርት ይዞ በ1951ና በ1952 ፓሪስን፣ በ1954 ዊምብልደንን አሸነፈ። ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ የአሽቦትን ሙያ በአጭሩ ያስቀረው የራኬቱ ድክመት ሳይሆን የጉዞ ወረቀቱ ነው የሚለው ፍርድ ያመዝንብኛል። ድሮብኒ እነዚያን ዋንጫዎች ሲያነሳ አሽቦት የተወለደባት ከተማ አጠገብ ያለው ድንበር በሽቦና በፈንጂ ታጥሮ ነበር። በኋላ አሽቦትም ወጥቶ በቤልጂየምና በምዕራብ ጀርመን አሠልጣኝነት ሠራ፤ በ1986 ሙኒክ ላይ ሞተ።

ሃንጋሪ ከእሱ በኋላም ባዶ እጇን አልቀረችም። ዡዣ ኮርሞጺ በ1958፣ በሠላሳ ሦስት ዓመቷ፣ ሮላን ጋሮስ ላይ እንግሊዛዊቷን ሸርሊ ብሉመርን 6 ለ 4፣ 1 ለ 6፣ 6 ለ 2 አሸነፈች። ባላዥ ታሮጺ ከስዊሱ ሃይንዝ ጉንትሃርት ጋር ተጣምሮ በ1981 ፓሪስን፣ በ1985 ዊምብልደንን በጥንድ ወሰደ፤ በዚያን ጊዜ ቴኒስ የሙያተኞች ሆኖ ዋንጫው ከገንዘብ ጋር ይመጣ ነበር። በወንዶች ነጠላ ግን ግራንድ ስላም ያሸነፈ ሃንጋሪያዊ እስከ ዛሬ አሽቦት ብቻ ነው፤ ዋንጫውም የ1947ቷ አንዲት ናት።