ተኳርፈው የቀዘፉ ስምንት ሰዎች

 

ሮም 1960 ሲነሣ የሁላችንም ሐሳብ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። በ1952 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን፣ ጳጉሜ 5፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን አሸነፈ፤ በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር። ያንን ታሪክ ደጋግመን ስላወሳነው ዛሬ እንለፈው። አንድ ሳምንት ወደ ኋላ እንመለስና ነሐሴ 28 ቀን፣ ከሮም ወጣ ብሎ ወደሚገኘው የአልባኖ ሐይቅ እንሂድ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አልባኖ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሞላላ ሐይቅ ነው። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት የበጋ መኖሪያ ካስቴል ጋንዶልፎ ከከፍታው ላይ ቁልቁል ያየዋል። የዚያን ቀን በጉጉት የተጠበቀው ውድድር ስምንት ሰዎች የሚቀዝፉት ረጅም ጀልባ ነበር። ርቀቱ 2,000 ሜትር ነው። ስምንቱ ጀርባቸውን ለመድረሻው መስመር ሰጥተው ይቀዝፋሉ፤ መንገዱን የሚያየው፣ መሪውን የሚይዘውና ምቱን የሚጠራው ዘጠነኛው፣ ብዙውን ጊዜ ትንሽዬ ሰው ነው።

ከ1920 እስከ 1956 በተካሄዱት ስምንት ኦሊምፒኮች ይህን ወርቅ የወሰዱት አሜሪካውያን ብቻ ነበሩ። በአልባኖ ግን አምስተኛ ወጡ። ጀርመኖቹ በ5 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ቀድመው ገቡ፤ ካናዳውያኑ አራት ሰከንድ ያህል ዘግይተው ተከተሉ። በዚያን ጊዜ ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመን ኦሊምፒክ ላይ በአንድ የቡድን ስም፣ ቀለበቶቹ በተሳሉበት አንድ ባንዲራ ሥር ይቀርቡ ነበር። ስለዚህ ሽልማቱን ሲቀበሉ የታየው ሥዕል የአንድነት ሥዕል ነው። የጀልባው ነገር ግን ሌላ ነበር።

አሠልጣኙ ካርል አዳም ይባላል። በሰሜን ጀርመን ራትስቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ራሱ ተወዳዳሪ ቀዛፊ ሆኖ አያውቅም፤ ስፖርቱ ቦክስ ሲሆን በ1937 በከባድ ሚዛን የዓለም ተማሪዎች ሻምፒዮን ነበር። ባዳ መሆኑ የጠቀመው ይመስለኛል። ከሩጫ አሠልጣኞች የቀሰመውን፣ ፈጣን ልፋትንና አጭር እረፍትን እያፈራረቁ መሥራትን ወደ ውሃው አመጣ፤ የመቅዘፊያውንም ቅርጽ ሰፋ አድርጎ አስለወጠ። የአገሬው የቀዘፋ ሊቃውንት መጀመሪያ ላይ በበጎ ዓይን አላዩትም ቢባል ማንም አይደነቅም።

ከስምንቱ አንዱ የ25 ዓመቱ ሃንስ ሌንክ ነበር። ሌንክ የፍልስፍናና የሶሲዮሎጂ ሰው ነው፤ ኋላም በካርልስሩህ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ፕሮፌሰር ሆኗል። ወርቁን አንገቱ ላይ አጥልቆ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ፤ እኛ እኮ አንዋደድም ነበር፣ ታዲያ እንዴት አሸነፍን?

ቀዛፊዎቹ የተውጣጡት ከሁለት ክለቦች፣ ከራትስቡርግና ከኪል ነበር። ሌንክ በጻፈው መሠረት በጀልባው ውስጥ ሁለት ጎራ ተፈጥሮ ጠቡ እየከረረ ሄዷል፤ ቡድኑ ሊበተን ጫፍ የደረሰበት ጊዜም ነበር። ጀልባው ግን ከመፍጠን አልቦዘነም። ቀጥሎ ሌንክ በ1962 ሉሰርን ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን የጀርመን ጀልባ መረመረ፤ ማን ከማን ጋር መሆን እንደሚወድ ቀዛፊዎቹን እየጠየቀ ዝምድናቸውን በሥዕል አሰፈረ። እዚያም መቃቃሩና ውጤቱ አብረው ሲያድጉ አገኘ።

ይህ ነገር በጊዜው የነበረውን እምነት የሚቃወም ነበር። ቡድን ውስጥ ፍቅር ከሌለ ድል የለም ይባል ነበር፤ ዛሬም ይባላል። እኛም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያልን አድገናል። የሚገርመው፣ ሸክምን ለብዙዎች ማካፈል ሌላም መዘዝ እንዳለው ከሁሉ ቀድሞ የለካው አንድ የፈረንሳይ የግብርና መሐንዲስ ነው። ማክስ ሪንግልማን በ1880ዎቹ ሰዎችን ገመድ አስጎተተ፤ ውጤቱን ያሳተመው በ1913 ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲጎትት ያለውን ጉልበት ሁሉ ያወጣል። ስምንት ሆነው ሲጎትቱ ግን እያንዳንዱ የሚያወጣው ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። በ1974 አለን ኢንግሃምና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሙከራውን ደገሙት። የሰዎችን ዓይን ሸፍነው ከኋላቸው ሌሎች አብረው እንደሚጎትቱ አስመሰሉላቸው፤ ከኋላ የሚጎትት ግን አልነበረም። ጎታቾቹ ያም ሆኖ ለገሙ።

እንግዲህ እኔ እንደሚመስለኝ ልግመትን የሚያጠፋው ፍቅር ብቻ አይደለም። ያኮረፈህ ሰው ከኋላህ ተቀምጦ፣ ሁለት ሺህ ሜትር ሙሉ ጀርባህን እያየ፣ እንዴት ትለግማለህ?

የሌንክ ሥራ በ1969 በእንግሊዝኛ ወጣና መከራከሪያ ሆነ። በነገሩ ላይ ግን ከሁሉ የበለጠ ብርሃን የፈነጠቀው፣ ለእኔ፣ ከስፖርት ሜዳ ውጭ የተደረገ ሙከራ ነው። በ1975 ባሪ ስቶው የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰዎችን ሦስት ሦስት አድርጎ አስቀመጠ። የአንድ ኩባንያ የሒሳብ መረጃ ሰጣቸውና የወደፊት ሽያጩንና ትርፉን ገምቱ አላቸው። ሲጨርሱ ለአንዳንዱ ቡድን ጥሩ ሠራችሁ፣ ለሌላው ደካማ ነበራችሁ ተባለ። ነገሩ ግን ሐሰት ነበር፤ ምስጋናውና ወቀሳው በዕጣ እንጂ በሥራቸው አልተሰጠም። ከዚያ ስለ ቡድናችሁ ንገሩን ተባሉ። የተመሰገኑት፣ አንድ ልብ ነበርን፣ በግልጽ እንነጋገር ነበር፣ ተነሣሽነታችን ከፍተኛ ነበር የሚል መልስ ሰጡ። የተወቀሱት ይህን ሁሉ ዝቅ አድርገው ገመቱት። በክፍሉ ውስጥ የሆነው አንድ ዓይነት ነው፤ የተለየው በመጨረሻ የሰሙት ወሬ ነው።

ከጨዋታ በኋላ የምንሰማው ቃለ ምልልስ ስንት ጊዜ እንዲህ ይሆን? አሸናፊው አምበል ማይክ ሲቀርብለት፣ አንድነታችን ነው ይላል። ተሸናፊው አሠልጣኝ ስለ ዳኛው፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ ጉዳት ይዘረዝራል፤ ሲብስም መልበሻ ክፍል ውስጥ መከፋፈል ነበረ የሚል ወሬ ይወጣል። ሪቻርድ ላውና ዳን ራስል በ1980 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካ ጋዜጦች የስፖርት ገጾችን አገላብጠዋል። አሸናፊዎች ለውጤቱ ከሰጧቸው ምክንያቶች ሦስት አራተኛ ያህሉ ከራሳቸው የመነጩ ናቸው፤ ችሎታ፣ ጥረት፣ ቡድን። ተሸናፊዎች ዘንድ ይህ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ የቀረው ከውጭ የመጣ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው በርናርድ ዋይነር ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይህን ምክንያት አሰጣጥ በመደብ በመደብ አስቀምጦታል። ዋናው ቁም ነገሩ፣ ለነገ የሚበጀው ምክንያት ሊለወጥ የሚችለው ነው። ችሎታ የለኝም ያለ ሰው ነገም ያንኑ ይጠብቃል፤ ዝግጅቴ አነሰ ያለ ግን ነገ የሚያደርገው ነገር አለው።

የራሳችንን ታሪክ ልጥቀስ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ኢትዮጵያ በግብፅ፣ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል በነበረችው፣ 2 ለ 1 ተመርታለች። ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ፤ በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው 4 ለ 2 አለቀ። የአዲስ አበባና የአስመራ ልጆች አንድ ሆነው ያመጡት ድል እያልን እናወሳዋለን፤ ልክ ነው። ግን የሉቻኖ ኳስ በብረቱ ጎን ወጥታ ብትሆን ኖሮ ስለነዚያው ተጫዋቾች፣ ስለዚያው መልበሻ ክፍል ምን እንል ነበር?

ሌንክን ይዞ ፍቅር ከንቱ ነው ማለትም አይቻልም። ካናዳዊው አልበርት ካሮንና ባልደረቦቹ በ1985 የቡድን ትስስርን የሚለኩበት መጠይቅ ሲያዘጋጁ ሁለት ነገር ለዩ፤ በሥራው ግብ መተሳሰርንና በሰውነት መዋደድን። በ2002 ብዙ ጥናቶችን ደምረው ሲያዩ ትስስርና ውጤት አብረው የሚሄዱ ናቸው። ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ ሌላውን ይወልዳል በሚለው ላይ ግን ብራያን ሙለንና ካሮሊን ኮፐር በ1994 የደረሱበት መደምደሚያ፣ ውጤት ትስስርን የሚወልድበት ኃይል እንደሚበልጥ ነው። ደግሞም ጀልባ ኳስ ሜዳ አይደለም። በእግር ኳስ የተጣላኸውን ሰው እያየህ ኳሱን ላታቀብለው ትችላለህ። ጀልባ ላይ ምርጫ የለም፤ መቅዘፊያህ ከሌሎቹ ሰባት ጋር ውሃ ካልነካ መላው ዓለም ያይሃል።

ሮም ላይ ካሸነፉ ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ የራትስቡርጎቹ ጀልባ ሁለተኛ ወጣ። ነፋስ አዘግይቶት ጨለማ ስለወደቀ መድረሻው በተተኮሰ የብርሃን ሮኬት ነው የታየው። ያሸነፉት የፊላደልፊያው ቬስፐር ክለብ አሜሪካውያን ናቸው። መሪውን የያዘላቸው ከ1956 የሜልቦርን ኦሊምፒክ በኋላ ከአገሩ የኮበለለ የ46 ዓመት ሃንጋሪያዊ ነበር። ሰላም የሰፈነበት ጀልባ እንዳልነበረ፣ ንትርክ እንደማይጠፋበት፣ ከቀዛፊዎቹ አንዱ የነበረው ቢል ስቶው ከዓመታት በኋላ ጽፏል።

ካርል አዳም በ1968 ሌላ ስምንት ይዞ ወደ ሜክሲኮ ሄደ። ከፍጻሜው በፊት አንዱ ቀዛፊ ታመመና ተጠባባቂው በመጨረሻው ሰዓት ገባ። አውስትራሊያን ቀድመው ወርቁን የወሰዱት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ነው።