ጥቂቶች የፈተኑት መድኃኒት፦ በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል የሕክምና ሙከራዎች ታሪክ

መግቢያ

ስታቲን በመባል የሚታወቁት ኮሌስትሮልን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ዛሬ በዓለም ዙሪያም ሆነ በሀገራችን በየዕለቱ ከሚታዘዙት መካከል ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚህን መድኃኒቶች በመጀመሪያ በገዛ ሰውነታቸው የፈተኑት በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል የነበረባቸው ጥቂት ሕሙማን መሆናቸው ብዙ ጊዜ አይነሳም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን ሙከራዎች ታሪክ በአጭሩ መቃኘትና፣ ለሌላው ሕዝብ በር ከከፈቱት ሕሙማን መካከል በሽታው የከፋባቸው ለራሳቸው የሚበጅ መድኃኒት እስኪያገኙ ስለምን ረጅም ዘመን እንደ ጠበቁ ማሳየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው እንዴት ታወቀ?

ኖርዌያዊው ሐኪም ካርል ሙለር በ1938 እና በ1939 ባሳተሟቸው ጽሑፎች፣ በጅማት ላይ የሚወጣ የስብ እብጠት፣ ከፍተኛ የደም ኮሌስትሮልና የልብ ሕመም በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ በአንድነት ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፉ ገለጹ። በ1964 ደግሞ አቬዲስ ካቻዱሪያን በቤይሩት የሊባኖስ ቤተሰቦችን መርምረው በሽታው ሁለት መልክ እንዳለው አሳዩ። ጉድለት ያለበትን ዘረ መል ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ኮሌስትሮሉ ከጤነኛው ሰው እጥፍ ያህል ይሆናል፤ የልብ ሕመሙም በአብዛኛው በጎልማሳነት ዕድሜ ይጀምራል። ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ሕፃን ግን ኮሌስትሮሉ አራት እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ካልታከመም ብዙውን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። የመጀመሪያው መልክ በግምት ከ250 ሰዎች በአንዱ፣ ሁለተኛው ከ300,000 ሰዎች በአንዱ ይገኛል።

የበሽታውን ምክንያት የገለጡት በዳላስ ከተማ የሚሠሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው። በ1973 እና በ1974 ከሕሙማን የተወሰዱ የቆዳ ህዋሳትን ከጤነኞች ህዋሳት ጋር በማነጻጸር፣ ኤል.ዲ.ኤል. የተባለውን ኮሌስትሮል ተሸካሚ ከደም የሚያነሳ ተቀባይ በህዋሳት ላይ መኖሩን፣ በሕሙማኑ ላይ ግን እንደሚጎድል አረጋገጡ። በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ከሻጋታ የተገኘው መድኃኒት

በዚያን ጊዜ ለሕሙማኑ የነበረው ሕክምና እጅግ ውስን ነበር። በ1975 የለንደኑ ሐኪም ጊልበርት ቶምሰንና ባልደረቦቻቸው የሕሙማንን ፕላዝማ በየጊዜው በመለወጥ ኮሌስትሮሉን መቀነስ እንደሚቻል አሳዩ። በእንዲህ ያለ ሙከራ የእያንዳንዱ ታማሚ ውጤት የሚመዘነው ከራሱ የቀድሞ ልኬት ጋር ነው፤ በሽታው ብርቅ ስለሆነ ብዙ ሰዎችን ሰብስቦ በቡድን ማነጻጸር የሚቻል አልነበረምና።

በጃፓን የሳንክዮ ኩባንያ ተመራማሪ የነበሩት አኪራ ኤንዶ በሺህ የሚቆጠሩ የሻጋታ ዓይነቶችን ፈትሸው፣ ሰውነት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም የሚያግድ ኮምፓክቲን የተባለ ንጥረ ነገር በ1973 አገኙ። በ1978 መጀመሪያ ዶክተር አኪራ ያማሞቶ በኦሳካ ይህንኑ ከሁለቱም ወላጆች ጉድለቱን ለወረሰች የ18 ዓመት ታማሚ ሰጡ። ኮሌስትሮሏ በዴሲሊትር 1,000 ሚሊግራም ገደማ ነበር። ልኬቱ በመጠኑ ቢቀንስም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጡንቻ ድካም ታየባት፤ መድኃኒቱም ተቋርጦ ኋላ በአነስተኛ መጠን ተቀጠለ። ቀጥሎ መድኃኒቱን የወሰዱት ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱት ሕሙማን ግን የተሻለ ውጤት አገኙ።

ልዩነቱ የመጣው ከመድኃኒቱ አሠራር ነው። ጉበት ኮሌስትሮል መሥራት ሲሳነው ከደም ለመውሰድ ተጨማሪ ተቀባዮችን ያወጣል፤ የሚሠራ ተቀባይ የሌለው ጉበት ግን ይህን ማድረግ አይችልም። እንግዲህ አደጋውን ቀድማ የተቀበለችው ታማሚ ከጥቅሙ የደረሳት ትንሹ ነበር።

በ1980 ኮምፓክቲን በውሾች ላይ ጉዳት አስከተለ በመባሉ ሥራው ቆመ፤ የአሜሪካው መርክ ኩባንያም ሎቫስታቲን የተባለውን ተመሳሳይ መድኃኒት ሙከራ አቋረጠ። ይህ የመድኃኒት ወገን እዚያው ላይ ሊቀር ይችል ነበር። ሆኖም በ1981 ዶክተር ሂሮሺ ማቡቺ በካናዛዋ ኮምፓክቲን በሰባት ሕሙማን ላይ ያስገኘውን ጥሩ ውጤት አሳተሙ። በ1982 ደግሞ የዳላስና የኦሪገን ሐኪሞች ሌላ አማራጭ ላጡ ሕሙማኖቻቸው ሎቫስታቲን እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። የተገኘው ውጤት ሙከራውን አስቀጠለ፤ ሎቫስታቲንም በ1987 በአሜሪካ ተፈቀደ። በ1994 በስካንዲኔቪያ 4,444 የልብ ሕሙማንን ያሳተፈ ጥናት፣ ሲምቫስታቲን ሞትን በ30 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

ያለ ተቀባይ የሚሠራ መድኃኒት ፍለጋ

ሌሎች ሚሊዮኖች ሲጠቀሙ ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት ሕሙማን የቀራቸው ከባድ ሕክምና ነበር። በ1984 በፒትስበርግ ለአንዲት የስድስት ዓመት ሕፃን ልብና ጉበት በአንድነት ተተከሉላት፤ አዲሱ ጉበት ኮሌስትሮሏን በእጅጉ መቀነሱ የተቀባዩ ዋና ሥፍራ ጉበት መሆኑን አስረዳ። በ1992 በሚሺጋን የተጀመረው የዘረ መል ሕክምና የጉበትን ክፍል ቆርጦ ማውጣትን የሚጠይቅ ሲሆን፣ በአምስት ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ያስገኘው ጥቅም ውስን ነበር።

በ2012 ሎሚታፓይድ በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ለዚህ መሠረት በሆነው ሙከራ የተሳተፉት 29 ሕሙማን ብቻ ነበሩ። ኤል.ዲ.ኤል.ን በግማሽ ያህል ቢቀንስም ተቅማጥና የጉበት ስብ ያስከትላል። በ2013 የተፈቀደው ሚፖመርሰን በጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት አጠቃቀሙ ተገድቦ፣ ኋላም ከገበያ ወጣ። ኢቮሎኩማብ በ49 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ኤል.ዲ.ኤል.ን በ31 በመቶ ቢቀንስም፣ ተቀባዩ ጨርሶ በማይሠራባቸው ላይ እንደ ስታቲን ሁሉ አልረዳም።

በ2020 የታተመው የኢቪናኩማብ ሙከራ ግን 65 ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ፣ ማንም ከነባር ሕክምናው ሳይነጠል፣ አዲሱን መድኃኒት ከማስመሰያ ጋር አነጻጸረ። ከ24 ሳምንታት በኋላ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ኤል.ዲ.ኤል. በ47 በመቶ ቀነሰ፤ ተቀባይ የሌላቸውም ተጠቀሙ። መድኃኒቱ በ2021 ሲፈቀድ ከኦሳካዋ ታማሚ 43 ዓመታት አልፈው ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛው፣ የበሽታው አካሄድ በግልጽ በታወቀበትና ለውጡ ትልቅ በሆነበት ሁኔታ ጥቂት ሕሙማንም አስተማማኝ ማስረጃ ሊሰጡ እንደሚችሉ ነው፤ ዘግይቶ የሚታይ ጉዳት ግን ከፈቃድ በኋላም የረጅም ጊዜ ክትትል ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ሙከራ የተሳታፊዎቹ ውለታ ያለበት መሆኑ ነው። አዲሶቹ መድኃኒቶች ዋጋቸው እጅግ ውድ በመሆኑ ውለታው ዛሬም ለብዙዎቹ አልተመለሰም።

ይሁንና በሽታውን ለመጠርጠር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በወጣትነቱ የልብ ሕመም የያዘውን ሰው የተረከዝ ጅማት በእጅ መዳሰስና ስለ ወላጆቹና ስለ ወንድም እህቶቹ መጠየቅ ካርል ሙለር የተጠቀሙበት ዘዴ ነው። ከአንድ ወላጅ የወረሱት ሕሙማን በጊዜ ከታወቁ፣ እነዚያ ጥቂቶች የፈተኑት ስታቲን ዕድሜያቸውን ሊያራዝም ይችላል።