ሞተሩ ሲሞት ማሽኑ አይሞትም

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሳር ማጨጃ ሞተር ነው። አትሳቁ፣ ነገሩ ወዲህ ነው።

በቀደም ድሮ አውቶ መካኒክ ያስተማርኩት ልጅ ከቨርጂኒያ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ገንዘቤን ሳር ውስጥ ጣልኩት» አለኝ። ከጎልፍ ሜዳ የወጣ ያገለገለ ማጨጃ ገዝቶ ኖሯል። ብረቱ ጠንካራ፣ ምላጩ ደህና ነው። ሞተሩ ግን ዘይት ይጠጣል፣ ያጨሳል፣ ጉልበት የለውም። የሠራው ፋብሪካም ከተዘጋ ቆይቷል። ልጁ የአስራ አንድ ቤት ግቢ ሊያጭድ ተዋውሏል፤ አዲስ ማሽን የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ ሳር ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

«ማሽኑን እንዳትጥለው» አልኩት። «የሞተርና የማሽን ጋብቻ ድሮም በቡሎን ነው።»

ታሪኩም የሚለው ይህንኑ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1830 ኤድዊን ባዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቁን ጸጉር የሚከረክም ተሽከርካሪ ምላጭ አይቶ «ይሄ እኮ ለሳርም ይሆናል» አለና የፈጠራ መብት አወጣበት። ከዚያ በፊት የጌቶች ሜዳ የሚስተካከለው በማጭድ ወይም በበግ ነበር። የባዲንግን ማሽን ሰው ይገፋው ነበር፤ ኋላ ትልልቆቹን ፈረስ ጎተታቸው። በ1902 ደግሞ ራንሶምስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የቤንዚን ሞተር ጭኖበት ለገበያ አቀረበ። ልብ በሉ፦ ሰው በፈረስ፣ ፈረስ በሞተር ተተካ፤ የሚሽከረከረው ምላጭ ግን ያው የባዲንግ ሐሳብ ነው።

አሜሪካም ውስጥ እንዲሁ ነው። ቶሮ በ1914 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሲቋቋም ሥራው ሳር ማጨድ አልነበረም፤ ቡል ለሚባል የትራክተር ኩባንያ ሞተር መሥራት ነበር። በ1919 አንድ የጎልፍ ክለብ ፈረስ የሚጎትተውን ማጨጃ የሚተካ ነገር ቢፈልግ፣ ቶሮ ትራክተር ላይ አምስት ማጨጃ ገጠመለት። ሆንዳስ? ሶይቺሮ ሆንዳ በ1946 የጀመረው ከጦርነት የተረፉ የሬዲዮ ጄኔሬተር ሞተሮችን ብስክሌት ላይ እየገጠመ ነው። የሶማሌ ተራ ልጆች ብትሆኑ ወንድማችን ነው ትሉት ነበር!

ኋላ እንደ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ያሉ ፋብሪካዎች አንዱን ሞተር ለብዙ ማሽን ሠሪዎች መሸጥ ጀመሩ። ያኔ የግድ የጋራ ልክ አስፈለገ። የኮሎው ጫፍ ውፍረትና የመቀመጫው ቡሎን ቀዳዳዎች ርቀት በደረጃ ተወሰነ፤ ዛሬ ኤስኤኢ ጄ609 የሚባለው ደረጃ ይኸው ነው። እና ፋብሪካው ቢዘጋም ልኩ አልተዘጋም።

ልጁን በቪዲዮ እያየሁ አስለካሁት። ኮሎው አግድም ይወጣል፤ ውፍረቱ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ማለት 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱን፣ የቁልፉን ቦይ፣ የአራቱን ቀዳዳዎች ርቀት፣ የሚዞርበትን አቅጣጫ ሁሉ ጻፍን። የፈረስ ጉልበት ብቻ አይቶ ሞተር መግዛት ጫማን በቀለሙ እንደ መግዛት ነው።

መጀመሪያ ያገኘው ሞተር ከውሃ ፓምፕ የወጣ ነበር፤ የኮሎው ጫፍ ጥርስ የወጣለት ስለሆነ ፑሌጃ አይቀበልም። ተወው። ሁለተኛው ቺንጋ ከሚነዳው ኮምፕሬሰር የወጣ ነበር። ቀዳዳዎቹ ልክ ገጠሙ! ፑሌጃው ግን ከመስመር ትንሽ ወጣ ብሎ ቺንጋውን ስለሚበላው፣ እሱን ማስተካከል አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። በማግስቱ የላከልኝ ቪዲዮ ውስጥ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው፤ እሱ ራሱ እየሳቀ ሳሩ መሐል ነው።

ተማሪዎቼ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሞተር ፈትታችሁ እንድትገጥሙ አስተምሬአችኋለሁ፤ ለምን እንደሚፈታ ግን አልነገርኳችሁም። ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች፣ የእነሱ ሥራ ሲያልቅ ሌላው እንዲቀጥልበት ብለው ልክ ተስማምተው ስላለፉ ነው። ያኔ የዘለልኩትን ትምህርት ዛሬ ቁጠሩልኝ።

እናንተስ ከሞት ያስነሳችሁት ማሽን አለ? ጻፉልኝ። ቸር እንሰንብት።