ዕለታዊ የበይነመረብ ሥራዎችን እርስ በርስ ስለማያያዝ፦ ለተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በበይነመረብ የቀረበ ማመልከቻ የሚጓተተው ሁልጊዜ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ባለ ምክንያት ብቻ አይደለም። «ያያያዙት ሰነድ አይነበብም፤ በተሰጠዎት ቀን ውስጥ ሌላ ይላኩ» የሚል ኢሜይል ከሽያጭ ማስታወቂያዎች መካከል ተቀብሮ ሳይታይ ይቀራል፤ የጊዜ ገደቡ ያልፋል፤ ተገልጋዩም ጉዳዩን ከመጀመሪያው ለማስጀመር ይገደዳል። ይህን መሰሉን መጉላላት ለመቀነስ ከሚያግዙ ቀላል መንገዶች አንዱ፣ በየቀኑ በእጅ የሚከናወኑ ጥቃቅን የበይነመረብ ሥራዎችን ራሳቸውን ችለው እንዲከናወኑ ማያያዝ ነው። የፕሮግራም ጽሑፍ ዕውቀት አይጠይቅም። ነገር ግን የግል መረጃን ለሌላ ወገን መክፈትን ሊጠይቅ ስለሚችል ከመጀመር በፊት አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል።

የአሠራሩ መሠረት

አያያዥ አገልግሎቶች ሁሉ በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ይህ ሲሆን ያንን አድርግ። የመጀመሪያው ክፍል «መነሻ»፣ ሁለተኛው «ተግባር» ይባል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ኢሜይል መድረሱ መነሻ ቢሆን፣ በእጅ ስልክዎ ላይ ማሳወቂያ መላኩ ተግባር ይሆናል። በሳን ፍራንሲስኮ የተጀመረውና «ኢፍት» በመባል የሚታወቀው አገልግሎት ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ «ይህ ከሆነ ያን አድርግ» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት ነው። በ2011 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተመሠረተው ዛፒየር፣ ቀድሞ ኢንተግሮማት ይባል የነበረው ሜክ እንዲሁም የማይክሮሶፍት ፓወር አውቶሜት በተመሳሳይ መንገድ ይሠራሉ። ሁሉም በነፃ የሚሰጡት አገልግሎት በመጠን የተገደበ ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው ክፍያ ይጠይቃል። ለአንድ ግለሰብ ጉዳይ ግን ነፃው አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሥራው የሚከናወነው በአገልግሎት ሰጪው ኮምፒዩተር ላይ እንጂ በእርስዎ ስልክ ላይ አይደለም። በመሆኑም መብራት ቢጠፋ ወይም ስልክዎ ቢዘጋ የተያያዘው ሥራ አይቋረጥም፤ ማሳወቂያው ግንኙነት ሲመለስ ይደርስዎታል። በሌላ በኩል አንዳንዶቹ አዲስ ነገር መኖሩን የሚያጣሩት በየተወሰነ ደቂቃ ስለሆነ፣ በተለይ በነፃው አገልግሎት፣ የሩብ ሰዓት ያህል መዘግየት ሊኖር ይችላል። ለሰነድ ጥያቄ ይህ ምንም አይደለም፤ ለደቂቃዎች ብቻ ክፍት ለሚሆን ቀጠሮ ግን አይሆንም።

በቅድሚያ በእጅዎ ያለውን ይጠቀሙ

ሦስተኛ ወገን ከመጨመርዎ በፊት የኢሜይልዎን የራሱን «ማጣሪያ» መሞከር ይመረጣል። በጂሜይል ቅንብር ውስጥ የላኪው አድራሻ በ«ጎቭ ዶት ኢቲ» የሚያበቃ መልእክት ሁሉ የራሱ መለያ እንዲሰጠው፣ ኮከብ እንዲደረግበትና በፍጹም ወደ አይፈለጌ መልእክት ክፍል እንዳይገባ ማዘዝ ይቻላል። ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው፤ ማንም አዲስ ወገን ደብዳቤዎን አያነብም። በእኛ አስተያየት ከተገልጋዮች አብዛኞቹ ከዚህ ያለፈ ነገር አያስፈልጋቸውም። ማጣሪያው የላኪውን እውነተኛነት እንደማያረጋግጥ ግን ይታወስ፤ የላኪን አድራሻ አስመስሎ መጻፍ ይቻላልና።

ኢሜይልን በአያያዥ አገልግሎት ማስነበብ ከቀድሞው ይልቅ የተገደበ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ጉግል የጂሜይልን ይዘት የሚያነብቡ የውጭ መተግበሪያዎች ላይ መመሪያውን ካጠበቀ በኋላ፣ ኢፍት በ2019 እንደ ጎርጎርዮሳዊው የጂሜይል መነሻዎቹን አንሥቷል። የቆየ መመሪያ ተከትለው የጠፋ አማራጭ የሚፈልጉ ተጠቃሚዎች ግራ የሚጋቡበት ምክንያት ይህ ነው።

ቀንና ሰዓት

አያያዥ አገልግሎቶች ለኢትዮጵያ ተገልጋይ በብዛት የሚያስቸግሩት እዚህ ላይ ነው። ሁሉም የሚቆጥሩት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። የእኛ ወር መባቻ ግን በዚያ አቆጣጠር አንድ ቀን ላይ አይረጋም፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ሲውል፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ ነሐሴ 1 ደግሞ ኦገስት 7 ላይ ይውላል። የቤት ኪራይ ወይም የእድር መዋጮ በየወሩ መባቻ የሚከፍል ሰው አስታዋሹን «በየወሩ በ11» ብሎ ቢያስይዝ፣ መስከረም ላይ በትክክል ይደርሰዋል፤ ነሐሴ ላይ ግን የሚያስታውሰው በወሩ በ5ኛው ቀን ይሆናል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው መባቻ ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አስታዋሹ በየወሩ በ4 እንዲመጣ ቢደረግ፣ በማንኛውም ዓመት ከወሩ መባቻ ቢያንስ 3፣ ቢበዛ 8 ቀናት ቀድሞ ይደርሳል። በትክክል በዕለቱ መሆን ካለበት ደግሞ የዓመቱን 12 ቀኖች በጉግል ሺትስ ሠንጠረዥ ላይ ጽፎ አያያዥ አገልግሎቱ ከዚያ እያነበበ እንዲያስታውስ ማድረግ ይቻላል፤ ሠንጠረዡ በየዓመቱ መታደስ አለበት። ዓመታዊ ቀኖች ቀለል ይላሉ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምርበት ሐምሌ 1 በዚህ ምዕተ ዓመት ዘወትር ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል፣ አንድ ጊዜ የተያዘ ዓመታዊ አስታዋሽ አይዛነፍም።

ሰዓትን በተመለከተ፣ «3፡00» ብለው የሚሞሉት ጠዋት ሦስት ሰዓትን አስበው ከሆነ ማሳወቂያው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀሰቅስዎታል። ጠዋት ሦስት ሰዓት በአገልግሎቱ ቋንቋ 9፡00 ነው። ሂሳብ ሲከፍቱ የሰዓት ክልሉ የአዲስ አበባ፣ ማለትም ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድም መሆኑን ያረጋግጡ። በዋሽንግተንና አካባቢው የምትኖሩ ወገኖች በሀገር ቤት የሥራ ሰዓት ስልክ ለመደወል አስታዋሽ ስታስይዙ፣ ልዩነቱ ከማርች እስከ ኖቬምበር 7 ሰዓት፣ በቀሪዎቹ ወራት 8 ሰዓት መሆኑን አስቡ። ኢትዮጵያ ሰዓቷን ስለማትቀይር አስታዋሹን በአዲስ አበባ ሰዓት ማስያዝ የተሻለ ነው።

የፊደል ጉዳይ

በቃል ላይ የተመሠረተ መነሻ፣ ለምሳሌ ድረ ገጽ ላይ «ፈቃድ» የሚል ቃል ያለበት ማስታወቂያ ሲወጣ አሳውቀኝ የሚል፣ የሚያወዳድረው ፊደልን ከፊደል ጋር ነው። ጸሐፊው «ፍቃድ» ብሎ ከጻፈ አያገኘውም። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ኀይል» እና «ኃይል»፣ «ጸሐፊ» እና «ፀሐፊ» ለእኛ አንድ ቃል ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ የሚጠብቁትን ቃል በተለመዱት አጻጻፎቹ ሁሉ ይመዝግቡ። ከመሥሪያ ቤቶች አንድ ወጥ አጻጻፍ መጠበቅ የተገልጋዩ መብት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ እስኪሆን ድረስ ግን ሁሉንም መጻፍ ይበጃል።

ፈቃድ ሲሰጡ

አያያዥ አገልግሎት የኢሜይልዎን የይለፍ ቃል ሊጠይቅዎት አይገባም። ትክክለኛው አካሄድ ወደ ኢሜይል አቅራቢው ገጽ ወስዶ እዚያው እንዲገቡና የተዘረዘሩትን ፈቃዶች እንዲያጸድቁ ማድረግ ነው። ዝርዝሩን ያንብቡ። ማሳወቂያ ለመላክ ብቻ የተፈለገ አገልግሎት መልእክቶችዎን የማንበብና የመሰረዝ ፈቃድ ከጠየቀ አይቀበሉት።

የአጭር የጽሑፍ መልእክቶችን ወደ ሌላ ስፍራ የሚያስተላልፍ ማያያዣ በፍጹም አያዘጋጁ። የባንክ፣ የቴሌብርና የፋይዳ ማረጋገጫ ቁጥሮች የሚደርሱዎት በዚያው መንገድ ነው፤ መልእክቱን ማስተላለፍ ቁልፉን አብሮ መስጠት ነው። የፋይዳ ቁጥር፣ የምሥጢር ቁጥርና የሕክምና ሰነድም በማያያዣ ውስጥ ማለፍ የለባቸውም። በቅጽ የሰዎችን ስምና ስልክ የምትሰበስቡ የእድርና የማኅበር ጸሐፊዎችም የሰበሰባችሁት መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥበቃ የሚደረግለት መሆኑን ልብ በሉ፤ የማያስፈልግ መረጃ አትጠይቁ።

ለየት ያለ ትኩረት የሚሻው፣ ኢሜይላቸው በኢንተርኔት ካፌ ወይም በጉዳይ አስፈጻሚ የተከፈተላቸው ተገልጋዮች ጉዳይ ነው። አካውንቱን የከፈተው ሰው መልእክቶቹ ሁሉ ወደ ራሱ አድራሻ እንዲተላለፉ አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ለዓመታት ይቀጥላል። በኢሜይልዎ ቅንብር ውስጥ «ማስተላለፊያ» እና «ማጣሪያ» የሚሉትን ክፍሎች ከፍተው የማያውቁት አድራሻ ካለ ያጥፉ፤ ከዚያም የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፤ ለመልሶ ማግኛ የተመዘገበው ስልክ ቁጥርም የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ።

የአገልግሎት ገጾችን በየሴኮንዱ እየከፈተ ቀጠሮ የሚሻማ ፕሮግራም መጠቀም እዚህ ከተገለጸው ጋር አንድ አይደለም። የሌሎችን ተራ ይነጥቃል፤ ሥርዓቱንም ያጨናንቃል። የኮምፒዩተር ሥርዓትን ማወክ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል።

ማያያዣ ካዘጋጁ በኋላ ለራስዎ የሙከራ ኢሜይል ልከው ውጤቱን ይመልከቱ። አብዛኞቹ አገልግሎቶች የተከናወነውንና ያልተሳካውን የሚያሳይ የሥራ መዝገብ አላቸው፤ በወር አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። ጉዳይዎ ሲጠናቀቅ መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ብቻ ፈቃዱን አያነሣም። በጉግል አካውንትዎ የደኅንነት ክፍል ውስጥ ከሦስተኛ ወገን መተግበሪያዎች ጋር ያሉ ግንኙነቶች የተዘረዘሩበትን ገጽ ከፍተው አገልግሎቱን ከዚያ ያስወግዱ፤ ቀጥሎም በራሱ በአያያዥ አገልግሎቱ የከፈቱትን ሂሳብ ይዝጉ።